ወደ ጀርመን የተላኩት ሽማግሌዎች

ሽማግሌዎቹ ሦስት፣ ወንበሮቹም ሦስት ነበሩ። ወንበሮቹን ፅጌረዳ ከጎኗ ካለው ጁስ ቤት ተውሳ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ወልውላ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ደርድራቸዋለች። እንደማይቀመጡባቸው ግን ታውቃለች። ለሽምግልና የሄደ ሰው የመጣበትን ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ይኼን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው ጀርመን አገር ያለችው ሻምበል ብቻ ናት።

«ስልኩን ከፍ አድርጊው እንጂ» አሉ አቶ ላቀው። «እግራችንም መታየት አለበት። መቆማችንን ካላየች የቆምነው ለማን ነው?»

ፅጌረዳ ስልኩን ከስፌት መኪናው ላይ አንስታ የክር መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ተንሸራተተ። በሁለት ትልልቅ የክር ጥቅል ደገፈችው፤ አሁንም ተንሸራተተ። ሦስተኛ ጥቅል ስትጨምርበት ቆመ፤ እሷ ግን ሳቋ አመለጣት። ከነጋ ጀምሮ ሳቅ ሳቅ እያላት ነው። የደስታ ይሁን የፍርሃት ለራሷም አልለየላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሩኬ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲሄድ ፅጌረዳ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ልጅቷ ስትወለድ በስልክ ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ያኤል አላት። የልደት ካርዷም ያኤል ብሩኬ ይላል። ሁለት ዓመት ያህል የወተቷንም የዳይፐሯንም ሲልክ ቆየ። ከዚያ የአሜሪካ ወታደር ሆነና ወደ ጀርመን ተመደበ። ስልኩን ቀየረ። አዲሱን ቁጥር ለአባቱ ለጋሽ ከበበው ሰጠ፤ ለፅጌረዳ ግን ሳይሰጣት ቀረ።

ጋሽ ከበበው ፉሪ ነው የሚኖሩት። በየእሑዱ ይደውሉለታል። «እሺ አባዬ፣ እልክላታለሁ» ይላል። ችግሩ የያኤል ስም ሲነሳ ኔትወርኩ ይጠፋል። ስለ ጤና ሲወራ ጥርት ብሎ የሚሰማ መስመር፣ ስለ ቤቱ አጥር ሲወራ ጥርት ብሎ የሚሰማ መስመር፣ «ያኤል» ሲባል እልም። ጋሽ ከበበው አራት ዓመት ሙሉ አመኑት። በአምስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ፈተኑት። ገና ሲያነሳው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ «ያኤል» አሉ። ጠፋ። መልሰው ደወሉና «ዝናቡ እንዴት ነው እዚያ?» አሉ። መጣ።

በማግስቱ ፅጌረዳ ሱቅ መጥተው ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ፣ «ልጄ፣ ኔትወርኩ ደህና ነው። የተበላሸው ልጄ ነው» አሏት።

አቶ ላቀው የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። አቶ ላቀው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ መጀመሪያ በታይፕራይተር ቀጥሎ በላፕቶፕ፣ የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ብሩኬ ለአባቱ የላከውን የዩኒፎርም ፎቶግራፍ በማጉያ መነጽር አይተው፣ ከኋላው ከተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የክፍሉን ስም ለቀሙ። ከዚያ የክፍሉን የፌስቡክ ገጽ፣ ከገጹ የሻምበሏን ኢሜይል አገኙ። የሠራዊቱንም ደንብ አነበቡ። እንደገባቸው ከሆነ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ብሩኬ በአለቃው ፊት «ልጄ ናት» ካለ፣ ከደመወዙ ለልጁ በየወሩ እንዲሰጥ ይገደዳል። ካላለ ግን ጠበቃ፣ ምርመራ፣ የሁለት አገር ፍርድ ቤት፤ ያኤል እስክትዳር የማያልቅ ጣጣ።

«ሁለት ቃል እኮ ናት» አለች ፅጌረዳ።

«ሁለት ቃል ናት። እሷን ለማስባል ግን ስድስት ገጽ ያስፈልጋል።»

እውነትም ስድስት ገጽ ጻፉ። የመጀመሪያው ገጽ ለሻምበሏ፣ ለቤተሰቧና ለመላው ጦሯ የቀረበ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው የፅጌረዳ ወላጆች ከየት ተነሥተው እንዴት አዲስ አበባ እንደገቡ ይተርካል። ሦስተኛው ፅጌረዳ የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም በነፋስ ስልክ ላፍቶ እንዴት እንደተወደደ ያብራራል። አራተኛው የያኤል የትምህርት ውጤት ነው። የብሩኬ ስም አምስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች በኩል ብቅ ይላል።

«አቶ ላቀው፣ ስሙን መጀመሪያ ላይ ብናደርገውስ?» ብላ ነበር።

«ምን ነካሽ? ሰው ቤት ገብተሽ፣ ደህና አደራችሁ ሳትይ ወንፊት አውሱኝ ትያለሽ?»

በአሥረኛው ቀን መልስ መጣ። ሻምበሏ ደብዳቤው ልቧን እንደነካው፣ ሽማግሌዎቹን በቪዲዮ ብታነጋግር ክብር እንደሚሰማት፣ ለማስተርጎምም በክፍሏ ውስጥ የአገራቸው ተወላጅ የሆነ ወታደር እንዳላት ጽፋ ነበር። አቶ ላቀው እንግሊዝኛ ሲጻፍ እንጂ ሲነገር አይገባቸውምና አስተርጓሚ መገኘቱ አስደሰታቸው። ፅጌረዳ ብቻ ትንሽ ጠረጠረች።

«ያ ወታደር ራሱ ብሩኬ ቢሆንስ?»

«አሜሪካ ጦር ውስጥ ስንት ሐበሻ ያለ ይመስልሻል? ደግሞስ ሴትዮዋ ተከሳሹን አስተርጓሚ የምታደርግ ሞኝ ናት?»

ሻምበሏ ሞኝ አይደለችም። ደብዳቤውን እስከ ሦስተኛው ገጽ አንብባ ደክሟት ነው። ይኼ የታወቀው ግን ኋላ ነው።

አሁን ነሐሴ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ገና አልዘነበም። አቶ ላቀው ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ። አቶ በንቲ፣ የሱቁ አከራይ፣ ከዳር ቆመዋል። የአቶ በንቲ ሥራ ሌሎቹ በተናገሩ ቁጥር «እውነት ነው» ማለት ነው፤ በሽምግልና እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ንግግር አይጸናም። በመካከል ጋሽ ከበበው ናቸው።

«ጋሽ ከበበው፣ አሁንም እላለሁ» አሉ አቶ ላቀው። «የልጁ አባት ሽማግሌ ሆኖ አያውቅም። ዘመድ አይሸመግልም።»

«ዛሬ ዘመዱ አይደለሁም።»

«ነገስ?»

«ነገ እንደ አመሉ።»

«ባይሆን ትንሽ አረፍ ይበሉ እስኪደወል። ፍልሰታ ነው፣ ሆድዎ ባዶ ነው።»

«ወታደር ነበርኩ እኮ። ኦጋዴን ላይ ከዚህ በባሰ ሆድ ቆሜያለሁ።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ በንቲ።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ኪኪኪ የሚል ድምፅ ተሰማ። ፅጌረዳ ጎንበስ ብላ አየች። ያኤል ጉልበቷን አቅፋ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ተቀምጣለች።

«ጁስ ቤት ሁኚ አላልኩሽም?»

«ጁስ ቤት ቴሌቪዥኑ ዜና ነው።»

«አንዲት ቃል ብትወጣሽ!»

ያኤል አፏን በሜትሩ ሸፈነች። ሰባት ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት ጀምራ፣ ከእናቷ ስልክ ላይ ካርቱን ስታይ ያበሰለችው ልጅ ናት። ከአሻንጉሊቷ ጋር ስትጣላ በእንግሊዝኛ ነው የምትጣላው። ይኼን ችሎታ ማንም ለቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ።

ሻምበሏ ብቅ አለች። ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ ያሰረች፣ በዕድሜ ፅጌረዳን የማትበልጥ፣ ፈገግተኛ ሴት ናት። እጇን አውለበለበች። ሦስቱ ሽማግሌዎች እጅ ነሡ። አንድ ነገር ተናግራ ወደ ጎን ስትጣራ፣ አንድ ወታደር መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ቀና ብሎ ስልኩን አየ።

ብሩኬ ነው።

ያ ጎፈሬው የለም፤ ጭንቅላቱ እንቁላል መስሏል። ትከሻው ሰፍቷል። ዓይኑ ግን ያው ነው። ያ ዓይን በመጀመሪያ አቶ ላቀውን፣ ቀጥሎ አቶ በንቲን፣ ቀጥሎ አባቱን አየና እዚያው ተተክሎ ቀረ። ፅጌረዳ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና የቀሚሷን ጫፍ ነከሰች። ልቧ ይመታል፤ ሳቋም ይመጣል። የቱን እንደምትይዝ ጨነቃት።

«ይኼ ራሱ አይደለም እንዴ?» አሉ አቶ ላቀው ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«እውነት ነው» አሉ አቶ በንቲ።

ሻምበሏ ተናገረች። ብሩኬ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጤና ይስጥልኝ… አባቶች። ሻምበሏ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቁጭ በሉ ትላለች።»

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ከበበው።

«አባዬ፣ ወንበር አለ እኮ ከኋላችሁ።»

«አስተርጓሚ ነህ አይደል? አስተርጉም።»

ብሩኬ አስተረጎመ። ሻምበሏ ወንበሮቹን በጣቷ እያሳየች ደግማ ለመነቻቸው። አቶ ላቀው የቤተ ክህነት ሰው ይመስል ድምፃቸውን አወፍረው ጀመሩ። ለሻምበሏ ዕድሜ ለመኑላት፤ ለእናት አባቷ፣ ለጦሯ፣ ለመሣሪያዋም ሳይቀር መረቁ። ብሩኬ ሁሉንም ቀጥ አድርጎ አስተረጎመ። ሻምበሏ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች።

«እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ» አሉ አቶ ላቀው። «ከጦርሽ ውስጥ አንድ ወታደር አለ። እዚህ ልጅ ወልዶ ዞር ብሎ አላያትም። ልጄ ናት ብሎ አባትነቱን በፊትሽ እንዲያምን፣ የሚገባትንም እንዲያደርግላት እንለምናለን። እሺ ካልሽን እንቀመጣለን፤ ካላልሽንም እዚሁ ቆመን ይመሽብናል።»

በብሩኬ ግንባር ላይ የወጣው ላብ ከአዲስ አበባ ይታያል። ከዚያ ወደ ሻምበሏ ዞሮ ጥቂት ነገር ተናገረ፤ እጁን ከላይ ወደ ታች እያረገፈ። ሻምበሏ ግንባሯን በሐዘኔታ ሸብሸብ አደረገች፣ ወደ መስኮቷም አመለከተች።

«ሻምበሏ…» አለ ብሩኬ «ሻምበሏ እዚህም እንደዚያው ነው ትላለች።»

አቶ ላቀው ግራ ተጋቡ። «እንደዚያው ማለት? እዚያም የወለደው አለ?»

ከጠረጴዛው ሥር ሳቅ ፈነዳ። ፅጌረዳ ዝም ልታሰኛት እጇን ስትልክ ያኤል አምልጣ ወጣች፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጸጉሯ ላይ ተለጥፎባታል።

«እማዬ፣ ሰውዬው ውሸታም ነው! ስለ ዝናብ ነው እኮ የነገራት። በጣም ዘንቦ አጥሩ ወደቀ እያሉ ነው አላት። እሷም እዚህም ይዘንባል አለች።»

ሻምበሏ ልጅ በማየቷ ፊቷ በርቶ እጇን አውለበለበች፤ አንድ ነገርም ጠየቀች። ያኤል ሳትፈራ መለሰችላት። ፅጌረዳ ልጇ በሰው ቋንቋ እንዲህ ስትንጣጣ ሰምታ አታውቅም። እንደ አዲስ ምላጭ ነው የምትቆርጠው።

«ምን አለችሽ?»

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ ወይ አለችኝ። ከሰውዬው እበልጣለሁ አልኳት። አያቶችሽ ለምን አይቀመጡም አለችኝ።»

«በያት እንግዲህ» አሉ አቶ ላቀው፤ ክራቫታቸውን እንደገና አስተካከሉ። «ሁሉንም ንገሪያት። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።»

ያኤል ነገረቻት። ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም፤ አቶ ላቀው በስድስት ገጽ የጻፉትን ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። የሻምበሏ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። ብዕር አነሳች።

«የአባትሽ ስም ማነው አለችኝ። ብሩኬ ነው አልኳት።»

ሻምበሏ ወረቀት አገላበጠች፣ ራሷንም ነቀነቀች።

«ብሩኬ የሚባል ወታደር የለኝም አለች።»

ፅጌረዳ ሳቋ ጠፋ። የገባት ያኔ ነው። የብሩኬ ደረት ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ አየችው፤ ስፌት ሥራዋ ነውና ከሁሉ ቀድሞ ዓይኗ የገባው ስፌቱ ነበር፣ ፊደሉን ግን ልብ አላለችውም። ከበበው ይላል። እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ የተጻፈውን ብሩኬ ማንም አያውቀውም። አስተርጓሚው «አላውቀውም» ቢላት አበቃ፤ ሻምበሏም ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ትዘጋለች። ያኤል ደግሞ አባቷን በፎቶግራፍ የምታውቀው ከነጎፈሬው ነው፤ ይኼ ራሰ መላጣ እሱ መሆኑን አላወቀችም።

ፅጌረዳ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጋሽ ከበበው ሳይዞሩ መዳፋቸውን ወደ ኋላ አሳዩዋት። ቆይ ማለታቸው ነው።

ሻምበሏ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረች። «ከበበው» ብላ ጀመረች።

«አቤት!» አሉ ጋሽ ከበበው፤ ተረከዛቸውን አጋጭተው ቀጥ አሉ። ከወንበሮቹ አንዱ ተገለበጠ። ሻምበሏ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

ጋሽ ከበበው ወደ ስልኩ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ብሩኬ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልጮኸም። «ደረትህ ላይ የሰፋኸው ስም የኔ ነው። ሳልጠየቅ ለብሰኸው ሄድክ፤ ልጄ ነህና ደስ አለኝ። ሲጠሩህ ስትውል የሚጠሩት እኔን ነው። ስትሮጥ እኔን ነው የምታስሮጠኝ፤ ስትዋሽም የምትዋሸው በኔ ስም ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ ያንተን ስም ለብሳ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። በየጠዋቱ ብሩኬ ሲባል እጇን ታወጣለች። አንተ ስትጠራ ማን ነው እጁን የሚያወጣው?»

አቶ በንቲ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እውነት ነው ለማለት እንኳ አልቻሉም።

ሻምበሏ ያኤልን ጠየቀች። ያኤል ትንሽ አሰበችና መለሰች።

«ምን አልሻት?» አለች ፅጌረዳ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«አያቴ ስሜን መልሱልኝ እያሉ ነው አልኳት።»

ብሩኬ ሳቀ። ሊስቅ ፈልጎ አይደለም፤ አምልጦት ነው። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፅጌረዳ ትጠብቃለች። ኔትወርኩ ይጠፋ ይሆናል ብላ የምልክቱን መስመሮች አየች፤ አራቱም ሙሉ ናቸው። ጠፋ ብሎ የሚያመካኝበት አልነበረውም፤ አለቃው አጠገቡ ናት።

እጁን ከፊቱ አወረደ። ተነሥቶ ቆመ። በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሻምበሏ ሳይሆን ወደ ስልኩ እያየ፣ አጭር ነገር ተናገረ። ዶተር፣ ሴት ልጅ፣ የምትለዋን ቃል ፅጌረዳም ታውቃታለች።

ያኤል ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች። «ልጄ ናት አለ።» ቀጥሎ «እኔን ነው እንዴ?»

አቶ ላቀው ወደ ወንበራቸው ማፈግፈግ ጀመሩ። ጋሽ ከበበው በክንዳቸው ያዟቸው።

«ገና ነው። በፈረንጅ አፍ አልሰማሁም። በአማርኛ ይበለው።»

«አባዬ…»

«ፆመኛ ነኝ፣ አታቁመኝ።»

«ልጄ ናት» አለ ብሩኬ። «ያኤል ልጄ ናት። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገንዘቡ መጀመሪያ አነሰኝ፣ አፈርኩ፤ አንድ ወር ዘለልኩ፣ አፈርኩ። ከዚያ የሚታፈረው በዛና…» ቃሉን አልጨረሰውም።

«እውነት ነው» አሉ አቶ በንቲ፤ ዱብ ብለውም ተቀመጡ። አቶ ላቀው ተከተሉ። ጋሽ ከበበው የተገለበጠውን ወንበር አነሡ፣ በእጃቸው ጠረጉት፣ ከሁሉ በኋላ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሻምበሏ የሦስቱን መቀመጥ አይታ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ነገሩ የገባት ይመስላል። ከዚያ ወደ ወታደሯ ዞረች። ረጅም ጊዜ አልተናገረችም፤ የተናገረችው ግን ብሩኬን በቁመት ያሳጠረው መሰለ።

«ሻምበሏ…» አለ ብሩኬ እየዋጠ «በጣም ተቆጥታለች። የዛሬውን ጉባኤ እንደጨረስን አባትነቴን የማምንበትን ወረቀት እፈርማለሁ። ያኤልም በደመወዝ ክፍሉ ትመዘገባለች። በየወሩ በቀጥታ ይላካል፤ በኔ እጅ አያልፍም። ያለፈውንም በተመለከተ… ለብቻችን እንነጋገራለን ብላለች።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ያኤል አየ።

«ልክ ነው» አለች ያኤል። «አንድ ስድብ ብቻ ዘሏል።»

ፅጌረዳ ከዚህ በኋላ መያዝ አልቻለችም። ያልተሰፋ የዩኒፎርም ጨርቅ ጎትታ ፊቷን ቀበረችና ትከሻዋ እስኪናወጥ ሳቀች። ወረቀት ተፈረመ ማለት ተላከ ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ በወሩ መጨረሻ ታየዋለች። ሁለቱን ቃል ግን ሰምታለች። ሦስት ሰው ሰምቷል፤ ጁስ ቤት ያሉትም በር ላይ ተሰብስበው ሰምተዋል። የተሰማ ነገር አይመለስም።

ቀና ስትል ያኤል ከስልኩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቆማ ሰውየውን እየመረመረችው ነው።

«ጎፈሬህስ?»

«ቆረጡት።»

«ለምን ስለ ዝናብ ዋሸህ?»

«ፈርቼ ነው።»

«አያቴን?»

«አያትሽን።»

«እኔም ስፖንጅ ኬካቸውን ስበላባቸው እፈራቸዋለሁ» አለች። ገና ልትቀጥል ስትል የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠብታ አረፈ፤ ወዲያው የነሐሴ ዶፍ ወረደ። ሱቁ እንደ ከበሮ ጮኸ። አቶ ላቀው የምስጋና ንግግር ጀምረው ነበር፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። በስልኩ ውስጥ ሻምበሏ ጆሮዋን ይዛ ምን ሆኑ እያለች ነው። ብሩኬ ጎንበስ ብሎ በእጁ ከላይ ወደ ታች እያረገፈ አስረዳት።

ሻምበሏ በጥርጣሬ አየችው። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞራ ያኤልን ተመለከተች።

ያኤል ጣሪያውን ቀና ብላ አየች፣ አውራ ጣቷንም አነሣች።